አንድ መጽሐፍ ለሁለት

በዚህ የትምህርት ዓምድ የምናነሣው ጉዳይ ንባብ ነው። ፊደል ስለ መቁጠር አይደለም፤ ፊደሉንማ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። አራተኛም፣ ስድስተኛም፣ ስምንተኛም ክፍል ደርሳችሁ የመጣችሁ ብዙዎች ናችሁ። ይሁን እንጂ ፊደል የሚያውቅ ሁሉ መጽሐፍ ያነባል ማለት አይደለም። አንዲት እኅት አጭር የስልክ መልእክት ታነባለች፣ የመዝሙር ግጥም ከወረቀት ላይ ትከተላለች፤ ሁለት መቶ ገጽ ያለው ልብ ወለድ ሲሰጣት ግን ሽፋኑን አየት አድርጋ፣ ውፍረቱን በጣቷ ለክታ «በኋላ አነበዋለሁ» ብላ ትመልሰዋለች። ያ «በኋላ» አይመጣም።

እዚህ ቤይሩት እሑድ እሑድ ወደ ንባብ ክፍላችን ከሚመጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ሰው አንድ መጽሐፍ ይዞ እንዴት እንደሚያነብ፣ ተማሪዋም ከዚያ ተነሥታ ብቻዋን ወደ ማንበብ እንዴት እንደምትሻገር እንጽፍላችኋለን።

ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

ንባብ ሲከብድ የሚጎድለው መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ከልጆቻቸው የሚመጣላቸውን መልእክት ጓደኛ የሚያነብላቸው እኅቶች አሉ። ሁለት ሦስት መስመር ከሆነ ራሳቸው ይለቅሙታል፤ ረዘም ሲል ግን ስልኩን ለሌላ ሰው ያቀብላሉ። ልጅ ለእናቷ ብቻ ብላ የጻፈችው ነገር በሌላ ሰው አፍ ይነገራል። የምታነበው ጓደኛ አዝና የዘለለችው፣ አፍራ ያለሰለሰችው ቃል ይኖራል፤ እናት ግን አታውቀውም። መልሱንም በዚያው መንገድ ታስጽፋለች። እርግጥ ዛሬ በድምፅ መልእክት መላክ ቀሏል። ቢሆንም ልጆች፣ በተለይ ከፍ ካሉ በኋላ፣ አፍ አውጥተው የማይሉትን ይጽፉታል።

ደግሞም ንባብ ካልሠሩበት ይጠፋል። በ1971 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ፊደል አስቆጥሯል፤ በዓለም አቀፍ ደረጃም ተሸልሟል። ከእናቶቻችን መካከል የምስክር ወረቀቱን እስከ ዛሬ በሣጥን ያስቀመጡ አሉ። ነገር ግን ከዘመቻው በኋላ የሚነበብ ነገር በእጃቸው ያልደረሰ ብዙዎች የተማሩትን መልሰው ረስተውታል። እዚህ በሰው ቤት አምስትና ስድስት ዓመት ያለ ንባብ የምትኖር እኅትም ከዚህ የተለየ ነገር አይገጥማትም።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንናገር። አማርኛ ልብ ወለድ ማንበብ በአረብኛ የተጻፈን የሥራ ውል አያስነብብም። እንዲህ ያለ ተስፋ ሰጥተን እንድትመጡ አንፈልግም።

ልብ ወለድ ለምን?

የትምህርት መጽሐፍን ለመጨረስ አስገዳጅ ያስፈልጋል፤ ፈተና፣ አስተማሪ፣ ማርክ። ልብ ወለድ ግን በራሱ ይጎትታል። ሰው «ቀጥሎስ ምን ሆነ?» ካለ ገጹን ይገልጣል። ለንባብ ደካማ የሆነ ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ብዙ ገጽ መግለጥ ነው። ትናንት የከበደው ቃል ዛሬ በሌላ ገጽ ይመጣል፣ ነገም ይመጣል፤ በአሥረኛው ጊዜ ዓይን ሳይሰናከልበት ያልፋል። አጭር ጽሑፍ ይህን ዕድል አይሰጥም፤ ገና ቃሉን ስንለምደው ያልቃል።

ይህን ጉተታ እናቶቻችን በደንብ ያውቁታል። ወጋየሁ ንጋቱ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው፣ ሬዲዮ ያለው ቤት የጎረቤት መሰብሰቢያ ነበር። ፊደል የማያውቁ ሰዎች የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ነገር እንደ ዘመዳቸው ጉዳይ ተከታትለውታል። የታሪክ ፍቅሩ ቀድሞም አለ ማለት ነው። የቀረው ያንን ፍቅር ከጆሮ ወደ ዓይን ማሻገር ነው።

«ልብ ወለድ ውሸት አይደለም ወይ? የቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ለምን ይህን ያበረታታል?» የሚሉን እናቶች አሉ። ክርክሩን ማስረዘም አንፈልግም። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመው ያደጉ ሰው ናቸው። በመጽሐፋቸውም በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው፤ ያ ሁሉ ታሪክ የተነሣው ሁለት ሰዎች ለንባብ አጠገብ ለአጠገብ በመቀመጣቸው ነው። (በእኛ ክፍል የሚነሣው የመጽሐፍ ፍቅር ብቻ ስለሆነ ማንም አይስጋ።)

ዘዴው ከየት መጣ?

በጥንድ የማንበብ ዘዴ በእንግሊዝ አገር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። ሮጀር ሞርጋን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ንባብ ለከበዳቸው ልጆች ሞክረው በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ዘዴው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ኪት ቶፒንግ የተባሉ ምሁር በብዙ ትምህርት ቤቶች አስፋፉት። መጀመሪያ የታሰበው ለወላጅና ለልጅ ነበር። ኋላ ግን ተማሪ ከተማሪ ጋር፣ ጎልማሳም ከጎልማሳ ጋር ሲያነቡበት ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ።

ለእኛም ባዕድ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉን በአንድ ጊዜ ስለማይደርሱ፣ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናዋል። ዛሬ ዳዊት የሚደግመው ልጅ ፊደል የሚቆጥረውን ይይዛል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በቄስ ትምህርት ቤት አንዱ ይላል፣ ሌላው ተከትሎ ይላል። በዚህኛው ዘዴ ግን ሁለቱም አብረው በአንድ ድምፅ ያነባሉ። አለንጋም የለበትም።

አቀማመጡና አካሄዱ

ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ፊት ለፊት መቀመጥ ፈተና ያስመስላል፤ አንዷም መጽሐፉን ገልብጣ ታያለች። መጽሐፉን የምትይዘው፣ ገጹንም የምትገልጠው ተማሪዋ ናት። መጽሐፉን የመረጠችውም እርሷ መሆን አለባት።

ከዚያ ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እኩል ይጀምራሉ። ፍጥነቱን የምትወስነው ተማሪዋ ስለሆነች አጋዧ ወደ እርሷ ትወርዳለች። ተማሪዋ አንድ ቃል ስትስት አጋዧ ቃሉን በትክክል ትለዋለች፤ ተማሪዋ ትደግመዋለች፤ ንባቡ ይቀጥላል። በቃ። «አይደለም» የለም፣ «እስኪ ፊደል በፊደል ቁጠሪው» የለም፣ «ይህን ባለፈው ነግሬሽ አልነበረም?» ፈጽሞ የለም። ተማሪዋ ቆም ካለች ደግሞ አጋዧ አራት ወይም አምስት ሰከንድ ትጠብቃለች። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን ከዘዴው ሁሉ ለአጋዦቻችን የሚከብዳቸው ይህ ዝምታ ነው። አምስት ሰከንድ ረጅም ነው፤ ምላሳቸው ላይ የመጣውን ቃል መዋጥ ያቅታቸዋል። ተማሪዋ ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቃሉን ራሷ ታገኘዋለች።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ተማሪዋ «ይህን ክፍል ብቻዬን እችለዋለሁ» ብላ ስታስብ በጣቷ ጠረጴዛውን ኳ ታደርጋለች። አጋዧ ወዲያው ዝም ትላለች፤ ዓረፍተ ነገሩን እንኳ አትጨርስም። ተማሪዋ ብቻዋን ትቀጥላለች። ስታ ራሷን ካላረመች፣ ወይም ቆማ መንቀሳቀስ ካቃታት፣ አጋዧ ከአራት አምስት ሰከንድ በኋላ ቃሉን ትነግራታለች። ተማሪዋም ትደግመዋለች፤ እንደገና ሁለቱም አብረው ያነባሉ፣ እስከሚቀጥለው ኳ ድረስ። በመጀመሪያው እሑድ አንድም ጊዜ ላታንኳኳ ትችላለች፤ በአምስተኛው እሑድ ሙሉ ገጽ ብቻዋን ስትሄድ ታይዋታለሽ።

ማንኳኳቱ ልጅነት ይመስላል የሚሉ አሉ። እኛ ግን ለእኛ ሰው በጣም የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል። ምክንያቱም በክፍላችን ብዙ ጊዜ ተማሪዋ በዕድሜ ትልቅ፣ አጋዧ ደግሞ ትንሽ ናት። ሃምሳ ዓመት የሞላትን ሴት «እትዬ» የምትል የሃያ አራት ዓመት ልጅ ስታርማት፣ ሁለቱም ይጨነቃሉ። ትልቋ ታፍራለች፤ ትንሿ የደፈረች ይመስላታል። ኳ የሚለው ድምፅ ግን ሥልጣኑን ለትልቋ ይሰጣታል። መቼ እንደምትረዳ የምትወስነው እርሷ ናት፤ ዝም በይ ማለት ሳያስፈልጋት ልጂቱን ዝም ታሰኛታለች። «እትዬ፣ አሁንስ አላናግር አሉኝ እኮ» ብላ የሳቀች አጋዥ አለችን።

አጋዥ ለመሆን ዲፕሎማ አያስፈልግም። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ትዕግሥት ያላት፣ አሥራ ሁለት ጨርሳ ከምትቸኩለው ትሻላለች።

አማርኛ ሲነበብ

በጥንድ ማንበብ ለአማርኛ ልዩ ጥቅም አለው ብለን እናምናለን። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ልጁ ይመታል» የሚለውን ተመልከቱ። አንባቢው አላልቶ ካነበበው ልጁ መቺ ነው፤ አጥብቆ ካነበበው ግን ተመቺ ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ታሪኩ ግን ተገለበጠ። «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። ጎበዝ አንባቢ ከፊትና ከኋላ ያለውን ቃል አይቶ ይለየዋል። ፊደል በፊደል የምትለቅም ተማሪ ግን ሁሉንም በትክክል አንብባ ምንም ሳይገባት ትቀራለች፤ ጥፋቱም የት እንደሆነ አታውቅም። ጎኗ ሆና በትክክል የምታነብ ድምፅ ስትኖር ጆሮዋ ያርማታል። ጆሮዋ አማርኛን ድሮ ያውቀዋልና።

ሌላው የቃላታችን ርዝመት ነው። «ስላልነገረቻቸው» ዘጠኝ ፊደል ነው። አንድ በአንድ የምትቆጥር ተማሪ «ው» ላይ ስትደርስ «ስ»ን ረስታዋለች። ስለዚህ አጋዧ ቃሉን ስትነግራት ሳትቆራርጥ በአንድ ትንፋሽ ትንገራት። ከተነበበ በኋላ፣ ገጹ ሲያልቅ፣ ከፈለጉ «ነገረች» የሚለውን መካከሉ ላይ በጣት ከልሎ ማሳየት ይረዳል። ያን ጊዜ ግን ታሪኩን አታቋርጡ።

የማይታረም ነገርም አለ። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በንባብ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በዚህ ማንንም አታስጨንቁ። እንደዚሁም ተማሪዋ «ፀሐይ»ን «ጠሐይ» ብትለው የአገሯ አነጋገር ነው፤ ቃሉን አውቃዋለች። አፏን በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የፈታች እኅት የምታነብበትን ቅላጼ ማረም የአጋዧ ሥራ አይደለም። እርማቱ ትርጉም ለሚያበላሸው ስሕተት ብቻ ይሁን።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣል እናድርግ። ከአርባ ዓመት በላይ ከሆናችሁና ፊደሉ የሚደበላለቅባችሁ፣ መጽሐፉን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ስታርቁት የሚሻላችሁ ከሆነ፣ ችግሩ ትምህርት ሳይሆን ዓይን ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ ቅርብ ማየት መድከሙ የተለመደ ነው። የንባብ መነጽር ብዙ ጊዜ ይህን ይፈታዋል፤ ከተቻለ አስቀድሞ መታየት ይበጃል። «አእምሮዬ ደነዘዘ» ብለው ራሳቸውን ሲወቅሱ የነበሩ እናት መነጽር ካደረጉ በኋላ በዚያው ቀን አራት ገጽ አንብበዋል።

የት ላይ ይቆማል?

የእንግሊዞቹ ምክር በሳምንት አምስት ቀን፣ በየቀኑ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንት ነው። ይህ አንድ ቤት ለሚያድሩ እናትና ልጅ ይመቻል። ለእኛ ግን በሳምንት አንዲት የእረፍት ቀን፣ እርሷም ሁልጊዜ የማትገኝ፣ እንዴት ይሆናል? በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ አስበናል። ያገኘነው መፍትሔም ይህ ነው፤ ሳምንቱን የሚሞላው አጋዧ ሳትሆን ታሪኩ ይሁን።

ስለዚህ እሑድ ዕለት ንባቡን ምዕራፍ ሲያልቅ አናቆምም። ምዕራፍ ሲያልቅ ሰው ይረካል፤ የረካ ሰው መጽሐፉን ዘግቶ ይተኛል። የምናቆመው ነገሩ ሲጦዝ ነው። በሩ ሲንኳኳ፣ ደብዳቤው ሲከፈት፣ ልጂቱ «እኔ እኮ...» ብላ አፏን ስትከፍት፣ እዚያ ላይ መጽሐፉ ይታጠፋል። ሰዓቱም ሃያ ደቂቃ ቢሆን ይበቃል። ተማሪዋ መጽሐፉን ይዛ ትሄዳለች። አጋዧ ቀድማ ያነበበችው ቢሆንም ቀጥሎ የሚሆነውን አትነግራትም፤ ይህ በክፍላችን ጥብቅ ደንብ ነው። «እባክሽ ሞተች ወይስ ዳነች በይኝ፣ ሳላውቅ አላድርም» ብትላት እንኳ መልሱ «መጽሐፉ ቦርሳሽ ውስጥ ነው» የሚል ነው።

ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ብቻቸውን ያነበቡት እንዲህ ነው። በእሑዱ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ማክሰኞ ሌሊት፣ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ገጽ ብቻ ብለው ጀምረው ነው። ሁሉንም ቃል አያነቡትም። የከበደውን ዘለው ታሪኩን ይከተላሉ። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ጎበዝ አንባቢም ያደርገዋል። የዘለሉትን በእርሳስ ምልክት አድርገው በሚቀጥለው እሑድ ከአጋዧ ጋር ያዩታል። ስለዚህ በእሑዱ ንባብ መጨረሻ «ምን ተረዳሽ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። የገባት ሰው ስለ ታሪኩ ራሷ ታወራለች፤ በባለታሪኩም ትናደዳለች።

እሑድ ለማይደርሳችሁ

በየሳምንቱ መውጣት የማይፈቀድላችሁ፣ ከከተማው ርቃችሁ ተራራው ላይ የምትሠሩ፣ በሌላም አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ብዙ እኅቶች እንዳላችሁ እናውቃለን። በስልክ ጥንድ መሆን ይቻላል። አጋዧ ሁለት ገጽ ቀስ ብላ አንብባ በዋትስአፕ በድምፅ ትልካለች፤ ተማሪዋ መጽሐፉን ገልጣ፣ ጣቷን ከመስመሩ በታች አድርጋ፣ ከድምፁ ጋር አብራ ታነባለች። ለሁለተኛ ጊዜ ድምፁን ዘግታ ብቻዋን ትሞክረዋለች። ደስ ካላት የራሷን ንባብ ቀርጻ ትልካለች፤ ካልፈለገች አትገደድም።

የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በዩቲዩብ ስለሚገኝ መጽሐፉ በእጃችሁ ካለ እርሱን ጥንድ ማድረግ ይቻላል። ሆኖም እርሱ ተዋናይ ነው፤ እንደ አጋዥ አይጠብቃችሁም። ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

በረንዳ ለበረንዳ ሆነው የሚያነቡም ገጥመውናል። ፎቅ ለፎቅ ፊት ለፊት የሚሠሩ ሁለት እኅቶች ልብስ ሲያሰጡ አንዷ ያነበበችውን ለሌላዋ ትተርካለች፤ ያልገባትን ቃል ጮክ ብላ ትጠይቃለች። ይህ በደንቡ መሠረት በጥንድ ማንበብ አይባልም። ግን ይሠራል።

በምትሠሩበት ቤት መጽሐፉን አትደብቁት። ማዳሟ የማታውቀው ፊደል ያለበት ነገር ከፍራሽ ሥር ብታገኝ ሌላ ነገር ልታስብ ትችላለች። ሽፋኑን አሳይታችሁ «የአገሬ የታሪክ መጽሐፍ ነው፣ ማታ አነባለሁ» ማለት ይሻላል። ካውያ ሰክታችሁ ወይም ዘይት ጥዳችሁ ግን መጽሐፍ አትግለጡ፤ ታሪኩ በጦዘ ቁጥር አደጋው ይብሳል።

የትኛው መጽሐፍ?

ተማሪዋ ትምረጥ ብለናል። ሆኖም ከመረጠች በኋላ አንድ መመዘኛ አለ። መጽሐፉን በዘፈቀደ ገልጣችሁ አምስት ጣታችሁን ዘርግታችሁ ገጹ ላይ አሳርፉ። ጣቶቻችሁ ጫፍ ላይ ያሉትን ቃላት አንብቡ። በአራት አምስት ገጽ እንዲህ አድርጉ። በየገጹ አንድ ሁለት ቃል ቢያስቸግር ደኅና ነው፤ አብዛኛው ካቃተ ለመጀመሪያ መጽሐፍነት ይከብዳል። አጋዧም ሳትደናቀፍ ልታነበው የምትችል መሆን አለበት።

በእኛ ግምት ለጀማሪ የሚስማማው ንግግር የሚበዛበት መጽሐፍ ነው፤ የሰው ንግግር ለጆሮ ስለሚቀርብ በቀላሉ ይነበባል። የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. የታተመ ቢሆንም አማርኛው ዛሬም ይፈስሳል። በ1975 ዓ.ም. የወጣውና የታገደው «ኦሮማይ» የተሰኘው መጽሐፉም እንዲሁ ነው። የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፍቅር የሚተርክ ስለሆነ ወጣቶቹ ይሻሙበታል። የእነዚህ መጻሕፍት ገጽ ሁሉ ለሰንበት ትምህርት ቤት የሚሆን ነው አንልም። አንባቢዎቹም ሕፃናት አይደሉም።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ከእርሱ በላይ የተወደደ የአማርኛ ልብ ወለድ መጥቀስ ያዳግታል፤ ግን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ መጽሐፋችሁ ቢሆን እንመርጣለን። ታሪኩን በሬዲዮ የሰሙ ትልልቅ ሰዎች ግን በእርሱ መጀመር ይችላሉ፤ የሚመጣውን ማወቃቸው ያግዛቸዋል። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ለጊዜው ተዉት። ትልቅ ሥራ ነው፤ አማርኛው ግን ለበረታ አንባቢም ይከብዳል። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ስለሆነ ስሙን እወቁት፤ ገጹ ጥቂት ነው ብላችሁ ግን አትታለሉ፤ ቋንቋው የጥንት ነው።

በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ፎቶ የተነሣ መጽሐፍ በተመለከተ ደጋግማችሁ ትጠይቁናላችሁ። ደራሲም እንጀራ ይበላል። አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ሰው ሲገኝ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ገንዘብ አዋጥታችሁ አንድ ቅጂ ብታስመጡ፣ ለጥንድም የሚያስፈልገው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው።

አጋዧ መቼ ትሄዳለች?

አንዳንድ ጥንዶች ከተዋደዱ በኋላ መለያየት አይፈልጉም። ጓደኝነቱ ይቀጥል፤ ንባቡ ግን መቋረጥ አለበት። ምልክቶቹ ይታወቃሉ። ተማሪዋ ገና ሲጀመር ታንኳኳለች፤ ከሁለት ገጽ በላይ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ይቀንሳል፤ እሑድ ስትመጣ አጋዧ ካቆመችበት ሠላሳ ገጽ አልፋ ትገኛለች። ያን ጊዜ አጋዧ ጎኗ መቀመጧን ትተዋለች። ለሁለት ሳምንት ያህል ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ እየራሳቸው ሌላ ሌላ መጽሐፍ በዝምታ ያነባሉ፤ የሚገናኙት ለወሬ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቀድሞ ተማሪ የነበረችው አዲስ ተማሪ እንሰጣታለን። ንባቧ ፍጹም እስኪሆን አንጠብቅም። ለሌላ ሰው ድምፅ አውጥታ ስታነብ የራሷ ንባብ ከሁሉ በላይ የሚጠናው ያን ጊዜ ነው።

ባለፈው የጥንድ ድልድል አንዲት እኅት አጋዧን «ሂጂ በቃ፣ አንቺ ስትቀመጪ ታሪኩ ይዘገይብኛል» አለቻት። አጋዧ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ያችው እኅት በማስታወሻ ደብተሯ ላይ አንድ ገጽ ተኩል ጽፋ አመጣች፤ ለልጇ የምትልከው ነው። ፎቶ አንሥተን እንድንልክላት ሰጠችን እንጂ እንድናነበው አልፈቀደችም። ደብተሩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋ ያዘችው፤ ስልኳ ላይ እንዴት እንደሚላክ ብቻ አሳየናት፤ የላከችውም ራሷ ናት።

አዳዲስ ጥንዶችን የምንመድበው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ነው። ፊደል ገና ለምትቆጥሩ ሌላ ክፍል ስላለ ወደዚያ እናደርሳችኋለን። መጽሐፍ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሌላችሁ ከሣጥናችን ትመርጣላችሁ። እርሳስም ያዙ፤ መነጽር ያላችሁም መነጽራችሁን አትርሱ።